የብርሃን ስብረት በርቀት ላብራቶሪ፦ ወደ ግራ 1.47፣ ወደ ቀኝ 1.51 ይወጣል፤ የትኛውን ልመን?

መምህር ዘ10ኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የብርሃን ስብረትን (ብርሃን ከአየር ወደ ሌላ ነገር ሲገባ መታጠፉን) በርቀት ላብራቶሪ ለማሠራት እየተዘጋጀሁ ነው። ትምህርት ቤታችን የኦፕቲክስ ዕቃ የለውም፤ ያለን አንድ የኮምፒውተር ክፍል፣ አንድ ፕሮጀክተርና የሚቆራረጥ ኢንተርኔት ነው። የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲን ሲሙሌሽን (ፌት) አውርደን ያለ ኢንተርኔት ሠርተንበታል፤ ጥሩ ነው፣ ግን እዚያ ሁሉም ቁጥር ልክ ስለሚመጣ ተማሪው መለካት ምን እንደሆነ አያይም። ስለዚህ እውነተኛ ዕቃ ከሩቅ ሆነው የሚያንቀሳቅሱበትን መረጥሁ።

ያገኘሁት ጣቢያ እንዲህ ነው፦ ግማሽ ክብ አክሪሊክ (ግልጽ ጠንካራ ፕላስቲክ) ዲግሪ በተጻፈበት ነጭ ዲስክ ላይ ተለጥፏል፤ ቀይ ሌዘሩ አይንቀሳቀስም፣ ዲስኩ ግን በሞተር ይዞራል፤ ከላይ ካሜራ አለ። ጨረሩ የሚገባው በጠፍጣፋው ገጽ መሐል ነው። አንግል እጽፋለሁ፣ ዲስኩ ይዞራል፣ የስብረቱን አንግል አነባለሁ። አንድ ተራ 10 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ለሌላ ሰው ይለቀቃል።

ያነበብሁት ይኸው፦
ወደ ግራ፦ 20 ሲገባ 13.6፤ 40 ሲገባ 26.0፤ 60 ሲገባ 36.1
ወደ ቀኝ፦ 20 ሲገባ 12.9፤ 40 ሲገባ 25.1፤ 60 ሲገባ 34.9

የመግቢያውን ሳይን ለስብረቱ ሳይን ሳካፍል ሪፍራክቲቭ ኢንዴክሱ (አክሪሊኩ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን) በግራ 1.45፣ 1.47፣ 1.47 ይሆናል፤ በቀኝ ደግሞ 1.53፣ 1.52፣ 1.51። አንድ ብሎክ ሁለት ዓይነት ሊሆን አይችልም። የትኛውን ልውሰድ? ሁለተኛ፣ ከ60 በላይ ተማሪ ያለበትን ክፍል በ10 ደቂቃ ተራ እንዴት ላሠራ? ሦስተኛ፣ ውሎ አድሮ ይህን ጣቢያ እኛው ብንሠራው ምን ምን ያስፈልጋል?


ሳይን በሳይን

መምህር፣ የግራውንም የቀኙንም አይጣሉ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ጥፋቱን ራሳቸው ይናገራሉ። ብሎኩ ዲስኩ ላይ ሲለጠፍ 1 ዲግሪ ያህል ዝንፍ ብሏል። የጠፍጣፋው ገጽ ኖርማል (ለገጹ በ90 ዲግሪ የቆመው መስመር) ከዲስኩ የ0 መስመር ጋር አልገጠመም ማለት ነው።

ኖርማሉ ወደ አንድ ጎን 1 ዲግሪ ሲያዘነብል፣ በአንደኛው አቅጣጫ የመግቢያውም የስብረቱም ንባብ ከእውነተኛው በ1 ይበልጣል፤ በሌላው አቅጣጫ ሁለቱም በ1 ያንሳሉ። በእርስዎ ግራ፣ ንባቡ 40 ሲል ብርሃኑ የገባው በ39 ነው። 39 አክሪሊክ ውስጥ 25.0 ይሆናል፤ 1 ሲጨመርበት 26.0፣ ያነበቡት ይህንኑ ነው። በቀኝ ብርሃኑ የገባው በ41 ነው፤ ወደ 26.1 ይሰበራል፣ 1 ሲቀነስ 25.1። ሌላው ምልክት ልዩነቱ በትንሹ አንግል ላይ መባሱ ነው፤ በ20 ላይ የግራና የቀኙ ክፍተት 0.08 ሲሆን በ60 ላይ ግማሹ ብቻ ነው። የዓይን ንባብ ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁጥሮቹ ወዲያና ወዲህ ይበተኑ ነበር እንጂ እንዲህ በሥርዓት ግራና ቀኝ አይሰለፉም።

መፍትሔው የሁለቱን አቅጣጫ የስብረት አንግል አማካይ መውሰድ ነው። በ20 ላይ 13.25፣ በ40 ላይ 25.55፣ በ60 ላይ 35.5 ያገኛሉ። አሁን ያካፍሉት፤ ሦስቱም 1.49 ይመጣሉ። የአክሪሊክም ልክ 1.49 ነው።

ዝንፈቱን በሁለት መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። የመጀመሪያው ዲስኩን 0 ላይ አድርጎ ከጠፍጣፋው ገጽ የሚመለሰውን ደካማ ጨረር ማየት ነው። አክሪሊክ በቀጥታ ከሚመታው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ክፍሉ ከጨለመ ካሜራው ያየዋል። ብሎኩ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ያ ጨረር ወደ ሌዘሩ አፍ ይመለሳል። 1 ዲግሪ ዝንፍ ካለ ግን ተመላሹ 2 ዲግሪ ይስታል፤ ሌዘሩ 30 ሴንቲሜትር ርቆ ከሆነ ነጥቧ ከአፉ 1 ሴንቲሜትር ያህል ወዲያ ታርፋለች። ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ የምወደው ነው፦ በግራ 40 ላይ አቁመው የተንጸባረቀውን ጨረር አንግል ያንብቡ። የመግቢያና የጽብረቃ አንግል እኩል መሆን ስላለባቸው 40 ካልሆነ ኖርማሉ 0 መስመር ላይ የለም። የሁለቱ ንባብ አማካይ እውነተኛውን የመግቢያ አንግል፣ የልዩነታቸው ግማሽ ደግሞ ዝንፈቱን ይሰጣል። ተማሪዎች የጽብረቃን ሕግ አስቀድመው ስለሚያውቁት፣ ያወቁትን ሕግ ዕቃ መፈተሻ ሲያደርጉት ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ከ10 ዲግሪ ንባብ ብቻውን ኢንዴክስ አያስሉ። እያንዳንዱ ንባብ በግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት ውጤቱ በ10 ላይ 9 በመቶ ያህል ይዛባል፣ በ60 ላይ ግን 1.3 በመቶ ብቻ። ትንንሾቹ አንግሎች የሚጠቅሙት ለግራፉ ነው። ግራፉንም ሲያሠሩ ግራውን በኔጌቲቭ፣ ቀኙን በፖዘቲቭ አድርገው ሁሉንም ነጥብ በአንድ ወረቀት ላይ ያውጡ፤ አግድም የስብረቱ ሳይን፣ ወደ ላይ የመግቢያው ሳይን። የእርስዎ ስድስት ነጥቦች ስሎፓቸው (የመስመሩ ተዳፋት)፣ ማለትም ኢንዴክሱ፣ 1.49 ነው፤ መስመሩም በመነሻው በኩል ሳይሆን 0.01 ያህል ከፍ ብሎ ያልፋል። ያቺ 0.01 ዝንፈቱ ናት። መስመሩ በ0 በኩል ማለፍ አለበት ብላችሁ ካስገደዳችሁት ግን ማስረጃውን ራሳችሁ አጠፋችሁት።

ለእርማት የሚረዱ ሦስት ቁጥሮች፦ ተማሪው 0.98 ካመጣ ካልኩሌተሩ በራዲያን ላይ ነው (የ40 እና የ26 ሳይን በራዲያን ሲካፈሉ ይኸው ይወጣል)። 0.67 ካመጣ ያካፈለው ገልብጦ ነው። በ40 ላይ 0.85 አካባቢ ካመጣ አንግሉን የለካው ከኖርማሉ ሳይሆን ከብሎኩ ገጽ ነው፤ ይህኛው በየአንግሉ ስለሚለዋወጥ በሌላ ጥፋት ይመካኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትም በዚህ ነው።


መምህር ዘ10ኛ

እጅግ አመሰግናለሁ። ደካማውን ጨረር ፈልጌ አገኘሁት፤ በግራ 40 ላይ የተንጸባረቀው 38 ያነባል። አማካዩ 39 ነው፣ እንዳሉት።

አሁን ሌላ ጥያቄ መጣ። ንባቡን ለማጥራት ስክሪንሾት ወስጄ በጂኦጀብራ (የጂኦሜትሪ ሶፍትዌር) ላይ አንግል ብለካ፣ ዲስኩ ላይ 45 ተብሎ የተጻፈው መስመር ራሱ 44 ሆኖ ይለካል። የጨረሩም መስመር ወፍራም ነው፣ ጠርዙን ልያዝ መሐሉን አላውቅም።


የካሜራ ዓይን

እዚህ ላይ ጥፋቱ የካሜራው ነው። ካሜራው በትክክል ከላይ ወደ ታች ካላየ ክቡ ሞላላ ይሆናል። ስክሪንሾቱ ላይ የዲስኩን ወርድና ቁመት በፒክስል ይለኩ። ለምሳሌ ረጅሙ 800፣ አጭሩ 773 ከሆነ ካሜራው 15 ዲግሪ ያህል አዘንብሏል፤ ያ ደግሞ 45ን 44 ያደርጋል፣ ወይም እንደ አቅጣጫው 46። የሚታረመው ቀላል ነው፦ አንግል ከማስላትዎ በፊት በአጭሩ አቅጣጫ ያለውን ርቀት በ800 አባዝተው ለ773 ያካፍሉ። ወይም ፎቶውን በማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ በአንድ በኩል ብቻ ለጥጠው ክቡን ክብ ያድርጉትና ከዚያ ይለኩ። ዲስኩ ላይ ከተጻፈው ዲግሪ በዓይን ሲያነቡ ግን ይህ ችግር ብዙም አይነካዎትም፤ ጨረሩም ቁጥሩም አንድ ወረቀት ላይ ስላሉ አብረው ነው የሚጨመቁት። ስለዚህ በዓይን ያነበቡት ቁጥር ከጂኦጀብራው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ሶፍትዌር ስለሆነ ብቻ አይመኑት።

ስለ ጨረሩ ውፍረት፣ መሐሉን ይያዙ። የሌዘሩ ብርሃን ካሜራውን ስለሚያጠግበው መስመሩ ከእውነተኛው ይወፍራል፣ ግን በሁለቱም ጎን እኩል ስለሚወፍር መሐሉ አይንቀሳቀስም። ጣቢያው የካሜራ ብርሃን መቀነሻ ካለው ይቀንሱት፤ የክፍሉን መብራት ማጥፋት ብቻውን ነገሩን ያብሰዋል፣ ምክንያቱም ካሜራው ጨለማውን ሊያካክስ ብሎ ራሱን የበለጠ ይከፍታል። ትንሽ የጎን መብራት ይተዉ፣ ዲግሪዎቹም እንዲነበቡ።

ሁለት ነጥብ ሲይዙ በተቻለ መጠን ያራርቋቸው። በ400 ፒክስል ርቀት ላይ 2 ፒክስል መሳሳት 0.3 ዲግሪ ያህል ነው፤ በ100 ፒክስል ላይ ግን ከ1 ዲግሪ ያልፋል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው አለ። በብሎኩ ውስጥ የሚታየውን ቀይ መስመር አይለኩ። እሱን የሚያዩት በአክሪሊኩ የላይኛ ገጽ በኩል ነው፤ ወደ ካሜራው ሲመጣ ራሱ ተሰብሮ ስለሆነ ከቦታው ከፍ ብሎና ሸርተት ብሎ ይታያል። በክቡ ገጽ ከወጣ በኋላ ነጩ ወረቀት ላይ የሚሄደውን ይለኩ። ግማሽ ክብ የተመረጠውም ለዚህ ነው፤ ጨረሩ ከማዕከሉ ተነሥቶ ወደ ክቡ ገጽ ሲደርስ በቀጥታ (በ90 ዲግሪ) ስለሚመታው እዚያ አይታጠፍም። ጨረሩ ማዕከሉን በጥቂት ሚሊሜትር ከሳተ ግን ክቡ ገጽ እንደ ሌንስ ያጥፈዋል።

በመጨረሻ ደግሞ ይህን ይመልከቱ፦ ሌዘሩ ነጥብ ሳይሆን ቁመት ያለው መስመር የሚሠራ ከሆነ የላይኛው ክፍሉ ከብሎኩ በላይ ሳይነካው ያልፋል። ያ ሳይሰበር የሄደ ብርሃን ከብሎኩ ወዲያ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፣ ያውም ከተሰበረው የደመቀ። ተማሪዎች «ብርሃኑ አልታጠፈም» ብለው የሚጽፉት እሱን ይዘው ነው። ፎቶው ላይ ከብሎኩ ኋላ ሁለት መስመር ካዩ፣ ዲስኩ ሲዞር ከሌዘሩ አቅጣጫ ንቅንቅ የማይለው ያልተሰበረው ነው።


ተራ አስከባሪ

ስለ ክፍሉ አደረጃጀት ልመልስ። ከ60 በላይ ተማሪ በአንድ የኢንተርኔት መስመር በየተራ ያንቀሳቅስ ከተባለ ግማሹ ሳይነካ ክፍለ ጊዜው ያልቃል፣ ያውም መስመሩ ካልተቋረጠ። ቀጥታውን ሥራ አንድ ጊዜ በፕሮጀክተር ለሁሉም ያድርጉት፤ ልኬቱን ከፎቶ በቡድን ያሠሩ።

የ10 ደቂቃውን ስሌት እንዲህ ያድርጉ። ከ10 እስከ 70 በየ10 ዲግሪው በሁለቱም አቅጣጫ 14 ፎቶ፣ አንድ የ0፣ በጠቅላላው 15። ለአንዱ ትእዛዝ መስጫ፣ መዞሪያና ምስሉ እስኪረጋ 30 ሰከንድ ቢይዙ 7 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። የቀረው ሁለት ደቂቃ ተኩል ለተበላሸ ፎቶ መድገሚያ ነው። ዲስኩ ቆሞም ቪዲዮው ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ቆመ ብለው ካሰቡ በኋላ 3 ሰከንድ ያህል ይታገሡና ስክሪንሾቱን ይውሰዱ። ቸኩለው ከወሰዱት የፎቶው አንግልና ያዘዙት አንግል አይገጥሙም፣ ተማሪውም ኋላ መፍቻ ያጣለታል። ስሙን ወዲያውኑ ይስጡት፦ ግራ40፣ ቀኝ40 እያሉ።

ከተቻለ ቀጥታውን ሥራ ከክፍሉ አንድ ቀን ቀድመው ብቻዎን ይሥሩትና ፎቶዎቹን ይያዙ። መብራት ወይም መስመር ቢጠፋ ትምህርቱ አይቆምም። 15 ፎቶ ቢበዛ ጥቂት ሜጋባይት ነው፤ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይዳረሳል። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ቢልባኦ ካለው የዴውስቶ ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ላብስላንድን የመሳሰሉ መድረኮችም አንዳንዱን ላብ በቀጥታ ሞተር፣ ሌላውን አስቀድሞ በተቀረጸ እውነተኛ ሙከራ ያቀርባሉ፤ ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ እንዲሠራ። ፎቶው የእውነተኛ ብሎክ ፎቶ እስከሆነ ድረስ ዝንፈቱም፣ ውፍረቱም፣ ስህተቱም እዚያው አለ፤ ሲሙሌሽን የሚጎድለው ይህ ነው።

በቀጥታው ሰዓት ግን ዝም ብለው አያሳዩ። ሞተሩ ከመዞሩ በፊት እያንዳንዱ ቡድን ጨረሩ የሚያርፍበትን ዲግሪ በወረቀት ጽፎ ያስቀምጥ፤ ከዚያ ይዙር። የ20ን እና የ40ን ካዩ በኋላ 60 ላይ «አንግሉ ሲጨምር ስብረቱም በዚያው ልክ ይጨምራል» ብለው በሦስት የሚያባዙ ይኖራሉ፤ 40 ያህል ጠብቀው 35.5 ሲያዩ ሳይን ለምን እንዳስፈለገ ያኔ ይገባቸዋል።

አምስት አምስት ሆነው 12 ወይም 13 ቡድን ሲሆኑ ለእያንዳንዱ አራት ፎቶ ይስጡ፤ ከአራቱ አንዱ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን፣ ለምሳሌ ቀኝ40። የሁሉንም ቡድን የቀኝ40 ንባብ ሰሌዳ ላይ ይጻፉት። አንድ ፎቶ ሆኖ ሳለ 24.8፣ 25.1፣ 25.4 እያለ ይለያያል፤ የንባብ ስህተት ማለት ይህ ስፋት ነው፤ ከመጽሐፍ መገልበጥ አያስፈልግም።

አንድ ተጨማሪ ሐሳብ፤ ለጎበዞቹ የቶለሚን ሠንጠረዥ ይስጧቸው። የእስክንድርያው ቶለሚ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአየር ወደ ውኃ የሚገባን ብርሃን አንግሎች በቁጥር አስቀምጧል። ከ10 እስከ 80 በየ10 ሲገባ የሰጠው ስብረት 8፣ 15.5፣ 22.5፣ 29፣ 35፣ 40.5፣ 45.5፣ 50 ነው። ተማሪዎች በተከታታይ ያቀናንሱት፦ 7.5፣ 7፣ 6.5፣ 6፣ 5.5፣ 5፣ 4.5። በየጊዜው ልክ በግማሽ ዲግሪ ይቀንሳል። ከእውነተኛ ልኬት እንዲህ ያለ ፍጹም ሥርዓት አይወጣም፤ ቁጥሩ በሐሳብ ተስተካክሏል። አሁን በውኃ ኢንዴክስ፣ በ1.333፣ አስልተው ያነጻጽሩት፦ በ60 ላይ ልክ 40.5 ነው፣ በ80 ላይ ግን 47.6 መሆን ሲገባው 50 አለ። የሳይኑን ሕግ ያገኙት የባግዳዱ ኢብን ሳህል በ984፣ ኋላም ሆላንዳዊው ስኔል በ1621 ናቸው። ተማሪው ነጥቦቹን ወደሚፈልገው መስመር ቢጎትት ትክክለኛው ሕግ ዓይኑ ሥር ሆኖ ሊያመልጠው እንደሚችል በዚህ ይታያል።


ላብ ቴክ

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ። ከባድ አይደለም፤ የሚያስቸግረው ኦፕቲክሱ ሳይሆን ሞተሩ፣ መብራቱና ኢንተርኔቱ ነው።

የሚያስፈልገው ራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ከነካሜራው፣ አነስተኛ ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞር) ከነማንቀሳቀሻ ሰሌዳው፣ ከ1 ሚሊዋት የማይበልጥ ቀይ ሌዘር፣ ሊሚት ስዊች (ዲስኩ መነሻው ላይ ሲደርስ የሚነካው ማብሪያ)፣ ግማሽ ክብ አክሪሊክ፣ የ5 ቮልት ኃይል ምንጭና ውስጡ በደብዛዛ ጥቁር የተቀባ ሣጥን ነው። ሌዘሩን በትራንዚስተር በኩል አድርገው ተጠቃሚ ሲኖር ብቻ ይብራ፤ ቀን ከሌሊት የሚበራ ርካሽ ሌዘር ዕድሜው አጭር ነው። ቀጥታው ጨረር ዲስኩ በሚዞርበት በማንኛውም አንግል ካሜራው ሌንስ ውስጥ እንዳይገባ አስቀድመው ይፈትሹ፣ የካሜራውን ሴንሰር ሊጎዳው ይችላል። ሣጥኑ ሲከፈት ሌዘሩን የሚያጠፋ ስዊች በክዳኑ ላይ ያድርጉ።

በየገበያው የሚገኘው ትንሹ ሞተር 28ቢዋይጄ-48 ነው። ብዙ ሰው አንድ ዙር 4096 ግማሽ እርምጃ ነው ብሎ ፕሮግራም ይጽፋል። የብዙዎቹ የጥርስ ምጣኔ ግን 64 ሳይሆን 63.68 ነው፣ ስለዚህ ሙሉ ዙር 4076 ያህል ነው። በ4096 ካሰሉ 80 ዲግሪ ሲያዝዙ 80.4 ይሄዳል፤ ትንሽ ቢመስልም ያለ ማቆሚያ በተዞረ ቁጥር ይጠራቀማል። የጥርሶቹም ልቅነት አለ፤ አቅጣጫ ሲቀየር ሞተሩ ዞሮ ዲስኩ ሳይዞር ይቀራል። መድኃኒቱ ወደ ማንኛውም አንግል ሁልጊዜ ከአንድ ወገን መድረስ ነው፦ ከ50 ወደ 40 መመለስ ካለበት 35 ድረስ ወርዶ ወደ 40 ይውጣ። የተሻለው መንገድ ደግሞ የመግቢያውን አንግል ከትእዛዙ ሳይሆን ከዲስኩ ላይ ተማሪው ራሱ እንዲያነብ ማድረግ ነው፤ ያኔ የሞተሩ ስህተት ለልኬቱ ምንም አያደርግም።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ስቴፐር የት እንደነበረ አያውቅም። ፓዩ በተነሣ ቁጥር ሊሚት ስዊቹን እስኪነካ ዞሮ ዜሮውን ያግኝ። የፓዩ የማስታወሻ ካርድ ደግሞ ሲጽፍ መብራት ከጠፋ ሊበላሽ ይችላል፤ ሥርዓቱን ንባብ ብቻ (ካርዱ ላይ እንዳይጽፍ) አድርገው ይጫኑት፣ ትርፍ ካርድም ቀድተው ያስቀምጡ። ሞተሩን ቆሞ ሳለ ኃይል ይቁረጡበት፣ አለዚያ ይግላል፤ ሲግል የለጠፉበትን ፕላስቲክ ያልማል፣ ብሎኩም ዝንፍ ይላል።

በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ካስቀመጡት ከውጭ ሊገቡበት አይችሉም፤ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ የሆነ አይፒ አድራሻ አይሰጥም፣ ራውተር ላይ በር መክፈትም አይሠራም። ፓዩ ራሱ ወደ ውጭ ሰርቨር በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የግል መስመር) ይገናኝ (ዋየርጋርድ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል)፣ ተጠቃሚዎቹም በሰርቨሩ በኩል ይግቡ። ቪዲዮ ከማስተላለፍ ይልቅ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ አንድ ጥሩ ፎቶ መላክ ለደካማ መስመር በእጅጉ ይሻላል፤ ተማሪው የሚለካው ፎቶውን ነውና።

አክሪሊክ ከጠፋ ግማሽ ክብ ግልጽ ዕቃ ከውኃ ጋር ይሆናል፣ በ60 ሲገባ 40.5 ይሰበራል። በክብደት ግማሹ ስኳር የሆነ ውኃ ከሆነ 37.6 (ኢንዴክሱ 1.42 ነው)። በደንብ ካልተማሰለ ግን ስኳሩ ከታች ይወፍርና ጨረሩ ቀጥ ከማለት ይልቅ ወደ ታች ጎበጥ ይላል። ለቋሚ ጣቢያ ፈሳሽ አልመክርም፤ ይተንናል፣ አቧራ ይይዛል፣ ስኳሩም ይሻግታል።


መምህር ዘ10ኛ

ሁሉንም ጻፍሁት። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በዚሁ ጣቢያ ክሪቲካል አንግልን (ብርሃኑ ከአክሪሊኩ መውጣቱን ትቶ ሁሉም ወደ ውስጥ መመለስ የሚጀምርበትን) ማሳየት ይቻላል? ዲስኩን 180 አዙሬ በክቡ በኩል አስገባሁ፣ ግን 42 አካባቢ የሚወጣው ጨረር ተበትኖ ይጠፋል፣ መቼ እንዳበቃ መለየት አልቻልሁም።


ሳይን በሳይን

ይቻላል፣ ያዩትም ትክክለኛው ነገር ነው። ከአክሪሊክ ወደ አየር በ41 ሲመጣ 77.8 ይወጣል፣ በ42 ሲመጣ 85.6፤ አንድ ዲግሪ ብቻ ጨምረው ውጪው 8 ዲግሪ ያህል ይዘላል። የሌዘሩ ጨረር ፍጹም ትይዩ ስላልሆነ የጨረሩ አንዱ ጠርዝ ገና ሲወጣ ሌላው ጠርዝ ቀድሞ ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ተበትኖ የሚደበዝዘው። በስሌት የሚያበቃው በ42.2 ነው።

የሚወጣው የሚጠፋበትን ከመፈለግ ይልቅ ውስጥ የሚንጸባረቀውን ይመልከቱ። በ30 ላይ በጣም ደካማ ነው፤ ወደ 42 ሲጠጉ በድንገት ይደምቃል፣ ከዚያ በኋላ ብሩህነቱ አይለወጥም። ከ38 እስከ 45 በየ1 ዲግሪው ፎቶ ይውሰዱ፤ መድመቁ የሚጀምርበትን ሁለት ቁጥር ካወቁ በኋላ በመካከላቸው በየ0.2 ይሂዱ፣ ሞተሩ ከፈቀደ። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ የሚያስተካክል ከሆነ ግን ፎቶዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ይደበቃል፤ ከተቻለ ያንን ያጥፉ፣ ካልተቻለም በፎቶው ውስጥ የማይለወጥ ነገር፣ ለምሳሌ የዲስኩን ነጭ ጠርዝ፣ ማነጻጸሪያ ያድርጉ።

የ1 ዲግሪው ዝንፈት እዚህም አለና ግራና ቀኝ አድርገው አማካዩን ይውሰዱ። በአንዱ 43.2፣ በሌላው 41.2 አካባቢ ያገኛሉ። 1ን ለ42.2 ሳይን ሲያካፍሉ 1.49 ይመጣል፤ ከግራፉ ስሎፕ ጋር በ0.02 ውስጥ ከገጠመ ሁለቱም ልኬት ደህና ነው። አማካዩን ወስደውም ከዚያ በላይ ከተለያየ፣ ጨረሩ የጠፍጣፋውን ገጽ መሐል ስቶ እንደሆነ መጀመሪያ ያንን ይፈትሹ፤ በክቡ በኩል ሲገባ መሐሉን የሳተ ጨረር በመግቢያው ላይ ይታጠፍና ዲስኩ ላይ የሚነበበው አንግል ጠፍጣፋው ገጽ ላይ ከደረሰው ጋር አይገጥምም።